ሚሲዮናዊው ክራፍና የሸዋ በር፦ ሰላይ ነበር ወይስ ሰባኪ?

የቀረበልኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ «የአንኮበር ልጅ ነኝ። አያቴ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አገራችን የገቡት ፈረንጅ ሰባኪዎች የእንግሊዝ ሰላዮች ስለ ነበሩ ንጉሡ አባረሯቸው ይላሉ። አብሮ አደጌ ደግሞ ወንጌል ይዘው መጥተው ካህናት ያሳደዷቸው ናቸው ብሎ ይከራከረኛል። እውነቱ የማን ነው? መጥተውስ ምን ትተው ሄዱ?»

ይህን ክርክር ሰሜን ሸዋ ውስጥ ታሪክ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ከተማሪዎቼ ሰምቼዋለሁ፤ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥም ሰምቼዋለሁ። ሁልጊዜም በእነዚሁ ሁለት ቃላት ይጀምራል፣ በእነዚሁ ሁለት ቃላት ይጣላል። አያትዎም አብሮ አደግዎም ከእውነቱ አንዳንድ ጫፍ ይዘዋል። መሃሉን ነው የጣሉት። መሃሉ ደግሞ ከሁለቱም ጫፍ ይልቅ ስለ ራሳችን አገር ብዙ የሚነግረን ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ሰዎቹን እንለይ። ሸዋ የገቡት ሁለት ነበሩ፤ ካርል ኢዘንበርግና ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ። ሁለቱም ጀርመኖች ናቸው። ክራፍ በ1802 ቩርተምበርግ ውስጥ ደሬንዲንገን በምትባል መንደር የተወለደ የገበሬ ልጅ ነው፤ ስዊዘርላንድ ባዝል በሚገኘው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረ። የላካቸውና ቀለብ የሚሰፍርላቸው ግን ለንደን ያለው የእንግሊዞች የቤተ ክርስቲያን ሚሲዮናዊ ማኅበር ነበር። እንግዲህ ጀርመናዊ ሆነው በእንግሊዝ ገንዘብ የሚንቀሳቀሱ ሰዎች ነበሩ። ለሸዋ ሰው ደግሞ ይህ ሁሉ ልዩነት ትርጉም አልነበረውም። በዚያ ዘመን ሸዋ ውስጥ ከባሕር ማዶ የመጣ ነጭ ሁሉ «ግብፂ» ይባል ነበር። ጀርመኑ፣ እንግሊዙ፣ ፈረንሳዩ አንድ ስም ነበራቸው። የአንዱ ጥፋት በሌላው ላይ የሚቆጠረውም ከዚሁ የተነሣ ነው፤ ይህን ነጥብ በኋላ ስለምመለስበት ይያዙልኝ።

ሸዋ ሁለተኛ ምርጫቸው ነበረች። ቀድሞ የተቀመጡት ዐድዋ፣ በደጃዝማች ውቤ ግዛት ነው። እዚያ ለመኖሪያ የሚሆን ትልቅ ቤት ማሠራት ጀምረው መሠረቱ ጠለቅ ብሎ ሲቆፈር፣ ፈረንጆቹ የእንግሊዝ ወታደርና መድፍ የሚገባበት የምድር ውስጥ መንገድ እየቆፈሩ ነው የሚል ወሬ ተነዛ። የካህናቱ ክስ ተጨመረበትና በ1830 ከትግራይ ወጡ። ዛሬ ወሬው ያስቅ ይሆናል። እኔ ግን አልስቅበትም፤ ምክንያቱም የቤቱ መሠረት ሲቆፈር የነበረው አገር በማን እጅ እንደሚያድር በማይታወቅበት ዘመን ነው። ዘመነ መሳፍንት ነበር። ጎንደር ያለው ንጉሠ ነገሥት ስም ብቻ ሆኖ፣ ኃይሉ በደብረ ታቦር በየጁው ራስ አሊ እጅ ነው፤ ትግራይና ሰሜን በውቤ፣ ሸዋ በራሷ ንጉሥ። አቡን እንኳ አልነበረም፤ አቡነ ቄርሎስ ካረፉ ጀምሮ አቡነ ሰላማ በ1834 ገደማ እስኪመጡ ድረስ መንበሩ ባዶ ነበር። አዲስ ቄስና ዲያቆን የሚሾም አባት በሌለበት፣ በሃይማኖት ጉባኤ የሚፈርድ ዳኛ በጠፋበት አገር ውስጥ እንግዳ ሰው ጠልቆ ሲቆፍር ቢታይ ሰዉ ምን ያስብ?

በሰኔ 1831 መጀመሪያ በታጁራ ወደብና በአፋር በረሃ አድርገው ወደ ሸዋ ወጡ። በፋሬ ኬላ ገብተው ንጉሡን አንጎለላ ላይ አገኟቸው። ጫጫን አልፈው የሚሄዱ ሁሉ አንጎለላን ያውቋታል፤ ያን ጊዜ ግን ከአንኮበር ቀጥሎ የንጉሡ ዋና መቀመጫ ነበረች፣ ዐፄ ምኒልክም የተወለዱባት ናት።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ለምን ተቀበሏቸው? መልሱን ከንጉሡ ከራሳቸው ቃል እናገኘዋለን። በዓመቱ ገደማ ለእንግሊዞች የላኩት ደብዳቤ ፍሬ ነገሩ እግዚአብሔር መልካምና ሰፊ መንግሥት ሰጥቶኛል፣ ነገር ግን ወደ እናንተ አገር የደረሰው ጥበብ ወደ እኔ አገር አልደረሰም፣ ስለዚህ ጠመንጃና መድፍ ሌላም በአገሬ የሌለ ነገር በመላክ እርዱኝ የሚል ነው። ለሚሲዮናውያኑም ቢሆን ከመንፈሳዊ አስተማሪ ይልቅ ሐኪም፣ ግንበኛና ቀጥቃጭ እንደሚሻላቸው አልደበቁም። ንጉሡ በ1805 ገደማ የተገደሉባቸውን አባታቸውን የወሰን ሰገድን ዙፋን የወረሱ፣ ግዛታቸውን በዙሪያው ካሉት ጋር እየተዋጉ ያሰፉ ሰው ናቸው። ከሰሜን የራስ አሊ ጦር ሊመጣ ይችላል። ጠመንጃ የሚመጣው በባሕር ነው፤ ባሕሩን የሚያውቅ ደግሞ ፈረንጅ ነው። ክራፍና ኢዘንበርግ በሩን ያለፉት ወንጌል ስለያዙ አልነበረም፤ ከወንጌሉ ጀርባ ቀጥቃጭና መድፍ ይመጣ ይሆናል ተብሎ ነው። ይህን እንደ ነቀፋ አይውሰዱብኝ። አገሩን የሚጠብቅ ንጉሥ እንዲህ ባያስብ ነበር የሚገርመኝ።

አሁን ወደ ስብከቱ እንምጣ፤ እዚህ ላይ አብሮ አደግዎ የሳቱት ትልቅ ነገር አለ። እነዚህ ሰዎች ሸዋ ውስጥ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሊያቋቁሙ አልመጡም። የማኅበሩ ሐሳብ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ መጽሐፍ ቅዱስን ካነበበች ከውስጥ ትታደሳለች የሚል ነበር። ለዚህ የያዙት መሣሪያ ደግሞ የፈረንጅ ሥራ አልነበረም። የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ የተረጎሙት ጎጃሜው አባ አብርሃም፣ በፈረንጅ መጻሕፍት አቡ ሩሚ የሚባሉት መነኩሴ ናቸው። ካይሮ ላይ ከፈረንሳዩ ቆንስል ከአስለን ደ ሼርቪል ጋር ዐሥር ዓመት ሠሩ። ቆንስሉ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ለሌላ ሰው በሩን ዘግቶ ከእሳቸው ጋር ይቀመጥ ነበር። የእጅ ጽሑፉ 9,539 ገጽ ሆነ። አባ አብርሃም ግን ሥራቸው ታትሞ ሳያዩ ካይሮ ውስጥ በወረርሽኝ ሞቱ። ወንጌሉ በ1816፣ አዲስ ኪዳን በ1821፣ ሙሉው በ1832 ለንደን ታተመ። ክራፍ አንኮበር ላይ ሲያድለው የነበረው መጽሐፍ የአንድ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ የዐሥር ዓመት ድካም መሆኑን የሚያስታውስ ሰው ባጣሁ ቁጥር ልቤ ያዝናል።

ካህናቱ ታዲያ ለምን ተቃወሙ? የተለመደው መልስ መጽሐፍ በአማርኛ መነበቡን ጠልተው ነው የሚል ነው። ይህ ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም። አንድምታ የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው የመጽሐፉ ትርጓሜ በመምህራን አፍ ከጥንት ጀምሮ በአማርኛ ነበር። ግዕዙ ይነበባል፣ ትርጓሜው በአማርኛ ይወርዳል። አዲሱ ነገር አማርኛው አልነበረም፤ መምህር የሌለበት አማርኛ ነው። ከጉባኤ ቤት ተነጥሎ፣ ያለ ትርጓሜና ያለ አባት በአንድ ወጣት እጅ የሚገባ መጽሐፍ ነው። በዚያ ላይ ክራፍ ዝም የሚል ሰው አልነበረም። ስለ ጾም፣ ስለ ቅዱሳን አማላጅነት፣ ስለ እመቤታችን ከደብተራዎቹ ጋር ይከራከር ነበር፤ ዕለት ዕለት የተከራከረውንም በማስታወሻው ጻፈ። ክርክሩ የገባው ደግሞ ቀድሞ በሚነድ ቤት ውስጥ ነው። ሸዋ የሦስት ልደት፣ ክርስቶስ ሦስት ልደት አለው የሚለው ትምህርት ምድር ናት፤ ልደቱ ሁለት ነው ከሚሉት ከካራዎቹ ጋር የሚደረገው ጠብ አለቃ የሚያሽር፣ ደብር የሚከፍል ነበር። ያ ክርክር እስከ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ፣ እስከ 1870 ድረስ አልበረደም። ንጉሡ ካህናቱን አጣልቶ ሳይሆን አስማምቶ ማደር ነበረባቸው። ስለ ክርስቶስ ልደት እርስ በርሱ ለተከፋፈለ ጉባኤ ሌላ ተከራካሪ መጨመር ለማንም ንጉሥ ራስ ምታት ነው።

ኢዘንበርግ በኅዳር 1832 ወደ አገሩ ተመለሰ። ክራፍ ብቻውን ቀረ፣ ያን ጊዜም ልቡ ቀስ በቀስ ከአማርኛ ተናጋሪው ወደ ኦሮሞው ዞረ። በዚያው ዓመት ንጉሡን ተከትሎ ወደ ኦሮሞ አገር የዘመተው ዘመቻ ላይ ነበር። ይህን ክፍል ሳነብ ሁልጊዜ እቸገራለሁ። ሰባኪው ሊያስተምራቸው የሚመኛቸውን ሰዎች መጀመሪያ በብዛት ያያቸው መንደራቸው ሲቃጠል፣ ከብታቸው ሲነዳ ነው፤ እሱም የቆመው ከዘማቹ ወገን ነው። ኦሮሞዎችን «የአፍሪካ ጀርመኖች» ብሎ ሲጠራ ማድነቁ ነበር፤ እነሱ ክርስቲያን ቢሆኑ መላው የአፍሪካ መካከል ይከፈታል ብሎ ያምን ነበርና። ቋንቋቸውን አንድ ወጣት ኦሮሞ አጠገቡ አስቀምጦ ተማረ፤ የሰዋስው መግቢያና የቃላት መጽሐፍ አዘጋጀ፣ የማቴዎስን ወንጌል መተርጎም ጀመረ። ሥራው በላቲን ፊደል ነበር። እስከዚያ ድረስ ኦሮምኛ በመጽሐፍ ታትሞ አያውቅም ማለት ይቻላል።

አሁን አያትዎ ትክክል ወደሆኑበት ቦታ ደረስን።

እንግሊዞች ዐደንን የያዙት በጥር 1831 ነው፤ ክራፍ ሸዋ ከመግባቱ አምስት ወር ቀድሞ። ከዐደን እስከ ታጁራ መርከብ በአጭር ጊዜ ይደርሳል። ንጉሡ ከእንግሊዞች ጋር እንዲወዳጁ ያበረታታቸው፣ መንገዱንም የጠረገላቸው ክራፍ ነበር። በ1833 ክረምት ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ሕንድ ውስጥ ከነበረው የእንግሊዞች የቦምቤይ መንግሥት የተላከውን መልእክተኛ ጓድ እየመራ፣ ጠመንጃና ትንንሽ መድፍ አስጭኖ አንኮበር ገባ። መሃል ቆሞ የሚያስተረጉም፣ ደብዳቤ የሚያረቅ፣ የአገሩን ወግ ለሃሪስ የሚያስረዳ ማን ነበር? ክራፍ ነበር። በኅዳር 1834 ስለ ንግድና ወዳጅነት 16 አንቀጽ ያለው ውል ተፈረመ።

ሰላይ ነበር ማለት ነው? ሰላይ ማለት ማንነቱን ደብቆ የሚሰልል ነው፤ ክራፍ ምንም አልደበቀም። ያመነውን በግልጽ ጻፈ፦ የእንግሊዝ ኃይል በዚህ አካባቢ ቢጠነክር ለወንጌል መንገድ ይከፈታል ብሎ ያስብ ነበር። ለኔ ከስለላ የሚከፋው ይህ ነው። ሰላይን ጌታው ይልከዋል፤ ክራፍ ግን ማንም ሳያዝዘው፣ በቅን ልቡ፣ የመንፈስን ሥራ በመድፍ ጥላ ሥር አስጠለለው። ቅንነቱን አልጠራጠርም። ቅን ሰው የሠራው ስሕተት ግን ስሕተትነቱ አይቀርም፣ ዋጋውንም ራሱ ከፈለ።

ሌላም ነገር ልብ ይበሉ። ክራፍ ከሸዋ አልተባረረም። በመጋቢት 1834 መጀመሪያ አንኮበርን ለቆ የወጣው በራሱ ፈቃድ፣ ንጉሡን ተሰናብቶ ነው። ሐሳቡ በጎንደር አድርጎ አዲሱን አቡን አቡነ ሰላማን አግኝቶ፣ ከዚያ ወደ ግብፅ ወርዶ ያጫትን ሮዚነ ዲትሪክን ሊያገባ ነበር። አቡነ ሰላማ በወጣትነታቸው ካይሮ በዚያው ማኅበር ትምህርት ቤት የተማሩ ስለ ነበሩ ወዳጅ እንደሚሆኑት ተስፋ አድርጓል። ግን የሄደበት ጊዜ ክፉ ነበር። ወር ገደማ ቀድሞ ራስ አሊና ደጃዝማች ውቤ ደብረ ታቦር ላይ ተዋግተዋል፤ ድል ያደረገው የውቤ ጦር ቢሆንም ውቤ ራሳቸው በድል ማግስት ተማረኩ። ሰሜኑ ሁሉ ታወከ። ክራፍ ወሎ ሲደርስ ወደፊት መሄድ እንደማይቻል አይቶ ወደ ሸዋ ለመመለስ ሲሞክር አዳራ ቢሌ የተባለው የአካባቢው ሹም ያዘው፤ ያለውን ሁሉ ገፍፎ ለቀቀው። ምጽዋ የደረሰው ከመንገደኛ እርጥባን እየተቀበለ ነው።

አግብቶ፣ ኢዘንበርግንና ሌላ ባልደረባ ጨምሮ በኅዳር 1835 ታጁራ ደረሰ። በሩ የተዘጋው እዚያ ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እንዳይገቡ ከልክለው ኖሯል። ሦስት ዓመት ግድም አብሯቸው የኖረ፣ በክብር የሸኙት ሰው በበረሃው ጫፍ ቆሞ ቀረ።

ለምን? አንድ ምክንያት ብቻ የሚነግርዎትን አይመኑ። ካህናቱ መገፋፋታቸው እርግጥ ነው፤ ግን ካህናቱ በ1831ም ነበሩ፣ ያኔ በሩ ተከፍቶ ነበር። የተለወጠው ሌላ ነው። ንጉሡ ከእንግሊዞች የጠበቁት ጥበብና መድፍ በሚገባ አልመጣም። የመጣው በጣም ብዙ የሚጠይቅ፣ የሚለካና የሚጽፍ እንግዳ ነው። ዐደን በእንግሊዝ እጅ መውደቋን ነጋዴው ሁሉ ያወራዋል፤ አልዩ አምባ ገበያ የሐረርና የአፋር ሰው ስለሚውልበት የባሕሩ ወሬ ከቤተ መንግሥት ቀድሞ የሚሰማበት ቦታ ነበር። ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩርም ስጦታና የጦር መሣሪያ ይዞ እየተመላለሰ ነበር፤ በ1835 ፈረንሳይም ከንጉሡ ጋር ውል አደረገች። ስለዚህ አንዱን ግብፂ በሌላው መተካት ተቻለ። ሃሪስ በ1835 ሸዋን ሲለቅ እንግሊዝ ከቤተ መንግሥቱ ያላት ዋጋ ወርዶ ነበር፤ ክራፍ ደግሞ ከሃሪስ ጋር የታየ ሰው ነው። ቀደም ብዬ ያዙልኝ ያልኩት ነጥብ ይኸው ነው። በመድፍ ተስፋ የተከፈተለት በር መድፉ ተስፋ ሲያጣ ተዘጋበት። ስብከቱ ከሞላ ጎደል በሌላ ሰው ሒሳብ ገባ፣ በሌላ ሰው ሒሳብ ወጣ።

ይህ አካሄድ በሸዋ ደግሞ ተደግሟል፤ በአጭሩ ልጥቀሰው። የካቶሊኩ ጳጳስ ጉልየልሞ ማሳያ በ1860 ወደ ምኒልክ ሲመጡ፣ ምኒልክ ልቼ ላይ አክብረው አስቀመጧቸው፤ የአውሮፓን ጉዳይ የሚያማክሯቸው ሰው ነበሩ። በ1870 ምኒልክ ለዐፄ ዮሐንስ ከገበሩ በኋላ ግን ማሳያ በ1872 በዐፄው ትእዛዝ አገር ለቀው ወጡ። ምኒልክ አልጠሏቸውም፤ የሁለት ነገሥታት ሰላም ከአንድ ጳጳስ ይበልጥ ስለ ነበር ነው።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ምን ትተው ሄዱ የሚለው ነው። በሸዋ ምድር ቤተ ክርስቲያን አልተዉም፣ ጉባኤ አልተዉም። ይልቁንም ወሰዱ፤ ክራፍ የሰበሰባቸው የብራና መጻሕፍት ዛሬ በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ናቸው። የተዉት ትልቁ ነገር የዕለት ማስታወሻቸው ነው። የሣህለ ሥላሴን ግቢ፣ የአንኮበርንና የአንጎለላን ኑሮ፣ የክርስቲያኖችንና የእስላሞችን ገበያ፣ የአርጎባን መንደር፣ የካህናቱን ክርክር በዚያ ዝርዝር የጻፈ የዘመኑ የራሳችን ሰው ጥቂት ነው። አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅዎ፦ ክራፍ ከደብተራ ጋር የተከራከረውን ሲያነቡ የሚያዩት ክራፍ ሁልጊዜ ሲረታ ነው። ደብተራው ወደ ቤቱ ሲመለስ የረታው እኔ ነኝ ብሎ ለተማሪዎቹ አልነገረም ብለው ያስባሉ? የእሱን ማስታወሻ የሚያትምለት ማኅበር ስላልነበረው ብቻ ነው ያልሰማነው። አያትዎ የሚነግሩዎት ከዚያኛው ወገን የተረፈ ድምፅ ነው፤ ለዚህ ነው ቃላቸው ትንሽ ቢዛነፍም ዋጋ ያለው።

ክራፍ ከሸዋ ሲከለከል ወደ ደቡብ ወርዶ በ1836 ሞምባሳ ደረሰ። ሮዚነና አዲስ የተወለደች ልጃቸው በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ እዚያው ሞቱ። እሱ ግን ኬንያ ውስጥ ዓመታት ሠርቶ፣ ወደ ጀርመን ተመልሶም ኦሮምኛውን አልተወም። ሽማግሌ ሆኖ በ1860ዎቹ የኦሮምኛ አዲስ ኪዳን ሲያሳትም በላቲን ፊደል የጀመረውን ወደ እኛ ፊደል መለሰው፤ በዚያ ሥራ ላይ ብዙውን የተረጎሙለት ደብተራ ዘነብ ናቸው። የዐፄ ቴዎድሮስን ዜና መዋዕል የጻፉት እኒያው ደብተራ ዘነብ። ከእሳቸው በኋላ የመጣው ኦኔሲሞስ ነሲብ፣ በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣው ኦሮሞ፣ ከአስቴር ገኖ ጋር ሆኖ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ በ1891 አሳተመ። አብሮ አደግዎ ወንጌሉን ማን አመጣው ብለው ሲጠይቁዎ የአባ አብርሃምን፣ የደብተራ ዘነብን፣ የኦኔሲሞስንና የአስቴርን ስም አስቀድመው ይንገሩልኝ፤ ክራፍን ከእነሱ በኋላ ይጥሩት።